የሆድ ድርቀት፡- ከኪኒኑ በፊት ልናውቀው የሚገባ



በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆሞ ስለ ራስ ምታቱ ወይም ስለ ጉንፋኑ ለመናገር የሚያፍር ሰው የለም። የሆድ ድርቀት የያዘው ሰው ግን ሌላው ወረፋ ጠባቂ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺን የምታስቀምጠውን ኪኒን ስጪኝ» ይልና ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ከጀመረህ ምን ያህል ጊዜ ሆነህ? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ? ደም አይተሃል? የሚሉት ጥያቄዎች ሳይነሱ ይቀራሉ። እህቶች ደግሞ ይህንንም ያህል ሳይናገሩ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ችለውት ይኖራሉ።

ሐያእ ከኢማን ነው፤ ሆኖም ዕውቀትን ከመጠየቅ የሚያግድ ሐያእ አልተወደሰም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት እፍረት ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነበር። ሰውነታችንም አላህ (ሱ.ወ) የሰጠን አማና ነውና ስለ እርሱ መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባም።

የዚህ ጽሑፍ መልእክት አጭር ነው። አብዛኛው የሆድ ድርቀት ሰውነታችን «ውጣ» ሲለን እምቢ በማለታችን፣ አሰር የሌለው ምግብ በመመገባችን፣ ውሃ በማሳነሳችንና በመቀመጥ ብዛት የሚመጣ ስለሆነ፣ መድኃኒቱም በቅድሚያ እነዚህን ማስተካከል ነው። ጥቂቱ ግን የከባድ በሽታ ምልክት ነው። ሁለቱን መለየት የሚያስችለንን ነገር ኢንሻአላህ ቀጥለን እናያለን።

የሆድ ድርቀት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰዎች በየቀኑ ካልተጸዳዱ የታመሙ ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ጤናማ ሰው በቀን 3 ጊዜ ሊወጣ ይችላል፤ በሳምንት 3 ጊዜ ብቻ የሚወጣም ጤናማ ሰው አለ። ዋናው ነገር ከራስ የቆየ ልማድ ጋር ማነፃፀር ነው። የሆድ ድርቀት አለ የሚባለው ከሚከተሉት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ሲደጋገም ነው፡-

ሀ) በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች መውጣት፤
ለ) ሰገራው ደርቆ እንደ ፍየል በጠጥ መቆራረጥ፤
ሐ) ለማውጣት ብዙ ማማጥ፣ ሕመምም መሰማት፤
መ) ከወጡ በኋላም ያልወጣ ነገር እንደቀረ መሰማት።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን፣ በየቀኑ እየወጣም ቢሆን በጠጥ የመሰለ ሰገራ እያማጠ የሚያወጣ ሰው የሆድ ድርቀት እንዳለው ነው። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የነበሩ ሐኪሞች በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሰገራን መልክ በ7 ደረጃ ከፍለው የሚያሳይ መለኪያ አቅርበዋል። ይህ መለኪያ ዛሬም በሕክምና ቤቶች ያገለግላል። 1ኛውና 2ኛው ደረጃ የተቆራረጠና የጠጠረ ሲሆን ድርቀትን ያመለክታል። 3ኛውና 4ኛው ደግሞ ቅርጽ ያለውና ያለ ችግር የሚወጣው ነው። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቃችሁ «ድርቀት አለኝ» ብሎ ከማቆም ይልቅ የሰገራውን መልክ ሳያፍሩ መግለጽ ብዙ ይረዳል።

ሰገራ ለምን ይደርቃል?

የበላነው ምግብ በጨጓራና በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ጠቃሚው ወደ ደም ከገባ በኋላ፣ የተረፈው እንደ ቀጭን አጥሚት ሆኖ ወደ ትልቁ አንጀት ይተላለፋል። በየቀኑ ወደ ትልቁ አንጀት የሚደርሰው ፈሳሽ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው። ከሰገራ ጋር የሚወጣው ግን ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የቀረውን ትልቁ አንጀት መጥጦ ወደ ሰውነት ይመልሰዋል። ሱብሐነላህ! ይህ ባይሆን ኖሮ በየቀኑ በተቅማጥ ውሃ እንጨርስ ነበር።

ይኸው መምጠጥ ነው ሲበዛ ድርቀት የሚሆነው። ሰገራው በአንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው ይመጠጣል፤ ውሃው በተመጠጠ ቁጥር ይጠጥራል፤ በጠጠረ ቁጥር ደግሞ ለማውጣት ያስቸግራል። ሲያመን ደግሞ እንፈራዋለን፤ ስንፈራው እንይዘዋለን፤ ስንይዘው ይብስ ይደርቃል።

ሰገራ ወደ ፊንጢጣ ሲደርስ የፊንጢጣው ግድግዳ ይለጠጥና «ጊዜው ደርሷል» የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይልካል። መልእክቱን ተቀብለን ከወጣን ነገሩ በደቂቃዎች ያልቃል። እምቢ ካልነው ግን ስሜቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋል። ስሜቱ ጠፋ እንጂ ሰገራው እዚያው አለ፤ እየደረቀም ነው። ይህ ልማድ ሲሆን ፊንጢጣው መለጠጥን ይለምዳል፤ መልእክቱም እየደከመ ይሄዳል።

ውዱእን ላለማጥፋት መያዝ

ከዚህ ጋር በተያያዘ በእኛ ዘንድ የተለመደ አንድ ነገር አለ። የመግሪብ ውዱእ ለዒሻእ እንዲያቆይ፣ ወይም ጁሙዓ መስጊድ ገብተን ቦታ ከያዝን በኋላ ውዱኣችን እንዳይፈርስ ስንል የመጣውን እንይዘዋለን። የመስጊዱ ሽንት ቤት ወረፋ ረጅም ነው፤ በደጋ አካባቢ ደግሞ የሱብሒ ውሃ ብርድ ነው። ይህ ሁሉ ምክንያት ሆኖ በቀን አንድና ሁለት ጊዜ መያዝ የብዙዎቻችን ልማድ ነው።

ነገር ግን መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሶሒሕ ሙስሊም ከዓኢሻ (ረ.ዐ) በተላለፈው ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብ ቀርቦ እያለ፣ እንዲሁም ሽንትና ሰገራ እየገፋ መስገድን ከልክለዋል። ዑለማኦችም ምክንያቱን ሲያብራሩ ልብ ተከፍሎ ኹሹዕ ስለሚጠፋ ነው ይላሉ። የሑክሙን ዝርዝር ለእነርሱ ትተን በጤናው በኩል ስናየው፣ ሰገራን ይዞ ውዱእን ማቆየት ለሶላቱም ለአንጀቱም አይበጅም። ወጥቶ ውዱእን ማደስ ለሁለቱም ይሻላል።

የመያዝ ችግር በመስጊድ ብቻ አይወሰንም። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር ስለሌለው ከጠዋት እስከ ቤቷ የምትይዝ ተማሪ፣ ሱቁን የሚጠብቅለት አጥቶ የሚይዝ ነጋዴ፣ ረጅም መንገድ ላይ «ውረድ» ብሎ መጠየቅ የሚያፍር ተሳፋሪ ብዙ ነው። ወላጆችና የመድረሳ ኡስታዞች ልጆች «ሽንት ቤት ልሂድ» ሲሉ ባንከለክላቸው፣ የመስጊድ ኮሚቴዎችም ለሴቶች የሚሆን ንጹሕ ሽንት ቤትና ውሃ ቢያዘጋጁ ትልቅ የጤና ሥራ ነው።

ሌሎች ምክንያቶች

ምግብ፡- ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒና ሩዝ አሰር፣ ወይም በተለምዶ ፋይበር የምንለው፣ በጣም ያንሳቸዋል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ገለባው ሳይለይ ሙሉው ይፈጫል፤ ስለዚህ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ጥሩ የአሰር ምንጭ ነው። ሩዝ በብዛት የተደባለቀበት እንጀራ ግን ያንን ያህል አይሰጥም።

ጫት፡- ጫት የሚቅሙ ሰዎች ስለ ድርቀት አዘውትረው ያማርራሉ። ጫት ውስጥ ያለው ታኒን አንጀትን ያደርቃል፤ አነቃቂው ንጥረ ነገርም የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል። በዚያ ላይ ቃሚው ምግብ አይበላም፤ ከሰዓት በኋላውንም በሙሉ ተቀምጦ ያሳልፋል። ጫቱን ሳይተው የድርቀት መድኃኒት የሚገዛ ሰው በቀዳዳ ማሰሮ ውሃ እንደሚቀዳ ነው።

መድኃኒቶች፡- ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒን፣ ለሕመም የሚታዘዙት ኮዴይንና ትራማዶል፣ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች፣ ቬራፓሚል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት፣ አሚትሪፕቲሊን፣ እንዲሁም እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶች ሆድ ያደርቃሉ። ድርቀቱ የጀመረው አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ከሆነ ለሐኪማችሁ ወይም ለመድኃኒት ባለሙያው ንገሩ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

በሽታዎች፡- የቆየ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀዝቀዝ፣ የነርቭ በሽታዎችና የአንጀት ዕጢ ድርቀት ያስከትላሉ።

በተፈጥሮ መንገድ እንዴት እናቅልለው?

ሀ) ሰዓት መስጠት

ባዶ ሆድ ምግብ ሲገባበት ትልቁ አንጀት በራሱ ይነሣል። ይህ እንቅስቃሴ ከሁሉ የሚበረታው ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁርስ ከተበላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ስሜቱ ባይመጣም፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለ5 እና ለ10 ደቂቃ መቀመጥ አንጀትን ያለማምደዋል። ለዚህ ሲባል ቁርስን ትንሽ ቀደም ማድረግ በቂ ነው። ቡናም በብዙ ሰዎች ላይ አንጀትን ያነቃቃል፤ ከቁርስ ጋር አንድ ስኒ ጉዳት የለውም። ስልክ ይዞ ግማሽ ሰዓት መቀመጥና አጥብቆ ማማጥ ግን ለኪንታሮት በር ይከፍታል።

ለ) አቀማመጥ

ፊንጢጣን ከኋላ በኩል አቅፎ እንደ ወንጭፍ ወደ ፊት የሚስብ ጡንቻ አለ። ወንበር ላይ እንደምንቀመጥ ስንቀመጥ ይህ ጡንቻ መውጫውን አጥፎ ይይዘዋል። ቁጢጥ ስንል ግን ይላላና መንገዱ ይቃናል። አባቶቻችንና እናቶቻችን የኖሩበት አቀማመጥ ለአንጀት የተስማማ ነበር ማለት ነው። በኮንዶሚኒየምና በአዳዲስ ቤቶች የወንበር ሽንት ቤት የምንጠቀም ከሆነ፣ ከእግራችን ሥር አንድ ስንዝር ያህል ከፍታ ያለው በርጩማ ማድረግ፣ ጉልበታችንን ከዳሌያችን ከፍ ማድረግና ክርናችንን ጉልበታችን ላይ አስደግፈን ወደ ፊት ዘንበል ማለት ያንኑ ጥቅም ይሰጣል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋውያንም ይህ ዘዴ ከቁጢጥ ይሻላል።

ሐ) ውሃ

በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ፈሳሽ ለአብዛኛው ጤናማ ሰው ይበቃል፤ በቆላ አካባቢ የሚኖር፣ በጉልበቱ የሚሠራና የምታጠባ እናት ተጨማሪ ያስፈልጋቸዋል። የሽንት መልክ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ከጠቆረ ውሃ አንሶናል፤ ፈዘዝ ካለ በቂ ነው። ከበቂው በላይ መጠጣት ግን ሰገራን አያለሰልስም፤ ትርፉን ኩላሊት ወደ ሽንት ይለውጠዋል። የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው የውሃውን መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ።

መ) ምግብ

ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ያስፈልገዋል። ከማዕዳችን ስናየው ይህ ሩቅ አይደለም። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 15 ግራም ያህል ይሰጣል። ግማሽ አቮካዶ ከ5 እስከ 7 ግራም፣ 100 ግራም ተምር 7 ግራም ያህል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ ደግሞ 3 ግራም ገደማ አለው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ሁሉም ጥሩ ናቸው። ብርቱካኑን ጨምቆ ከመጠጣት ከነነጩ ሽፋኑ መብላት ይመረጣል፤ አሰሩ ያለው እዚያ ነውና።

ገብስና አጃ የተለየ ቦታ አላቸው። ውስጣቸው ያለው አሰር ውሃ ሲያገኝ እንደ ሙጫ ይላላና ሰገራውን ያርሰዋል። በሶ፣ የገብስ ቂንጬ፣ የአጃ አጥሚት የቤታችን መድኃኒቶች ናቸው። በሐዲስ የምናውቀው ተልቢናም የሚሠራው ከገብስ ነው፤ ሲዘጋጅ ያልተነፋ ዱቄት ይሁን።

ተልባ ሲዘጋጅ ታምሶ፣ ተፈጭቶ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይበጠበጣል። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። የተነከረ አብሽም እንዲሁ ያለሰልሳል። ይሁንና ተልባና አብሽ ሌላ መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገዩ ስለሚችሉ ከመድኃኒት ጋር አንድ ላይ አይወሰዱ፤ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አብሽ ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል ይወቁ። ነፍሰ ጡሮች አብሽን እንደ መድኃኒት በብዛት ባይወስዱ ይመረጣል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንደኛ፣ አሰርን በአንድ ቀን አታብዙ፤ ሆድ ይነፋል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ጨምሩ። ሁለተኛ፣ አሰር ያለ ውሃ እንደ ደረቅ ጭቃ ነው፤ ያባብሳል እንጂ አይረዳም።

ሠ) እንቅስቃሴ

ሰውነት ሲንቀሳቀስ አንጀትም ይንቀሳቀሳል። በቀን የ30 ደቂቃ የእግር ጉዞ በቂ ነው። መስጊዱ ቅርብ ከሆነ ታክሲውን ትቶ በእግር መሄድ ከኢባዳው አጅር ጋር የጤና ትርፍ አለው። ቤት የሚውሉ እናቶችም ከዐስር በኋላ ከጎረቤት ጋር ወጣ ብለው ቢራመዱ ጥሩ ነው።

በረመዷን ጊዜ

በረመዷን የመጀመሪያ ቀናት የድርቀት እሮሮ ይበዛል። ምክንያቱ ፆሙ ራሱ ሳይሆን የአመጋገባችን መለወጥ ነው። የጠዋቱ ቁርስ ሰዓቱን ሲቀይር የመውጫው ሰዓትም ይዛባል፤ ውሃ ይቀንሳል፤ በኢፍጧር ማዕድ ላይ ሳምቡሳና ጣፋጭ ይበዛና ጎመንና ምስር ይጠፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኢፍጧርን በተምርና በውሃ ከፍቶ በገብስ ወይም በአጃ ሾርባ መቀጠል፤ ዋናው ምግብ ላይ ምስር፣ ፉል ወይም አትክልት እንዳይጠፋ ማድረግ፤ ከመግሪብ እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ውሃውን በየሰዓቱ አንድ አንድ ብርጭቆ ማከፋፈል። ሱሑር ላይ ሁለት ሊትር በአንዴ መጠጣት አይጠቅምም፤ ከሱብሒ በኋላ በሽንት ይወጣል። ሱሑርን አለመተውም ያስፈልጋል፤ ከሱሑር በኋላ አንጀት ስለሚነሣ ከሱብሒ በፊት ወይም በኋላ መቀመጥን ልማድ አድርጉ። መድኃኒት ካስፈለገም አብዛኞቹ በሌሊት የሚወሰዱ ስለሆኑ ከፆሙ ጋር አይጋጩም። በፊንጢጣ የሚገቡትን ቀን መጠቀም ካስፈለገ ሑክሙን ዑለማኦችን ጠይቁ።

ሰነመኪና ሌሎች ማስቀመጫዎች

ሰነመኪ በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ የታወቀ ቅጠል ነው። ቲርሚዚይና ኢብኑ ማጀህ በዘገቡት ሐዲስ፣ ከባለቤታቸው ከጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደው የነበሩት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ለማስቀመጫ ሹብሩም የተባለ ኃይለኛ ተክል ይጠቀሙ እንደነበርና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኃይለኛነቱን እንደነገሯቸው፣ ከዚያም ወደ ሰነመኪ እንደዞሩ ተጠቅሷል። በሰነዱ ጥንካሬ ላይ የሐዲስ ዑለማኦች ተነጋግረውበታል። በመድኃኒት ሙያ በኩል ግን ሰነመኪ በእርግጥ የሚሠራ መድኃኒት መሆኑ አያጠራጥርም፤ በፋብሪካ ኪኒንም ይዘጋጃል።

መድኃኒት ከሆነ ደግሞ መጠን አለው። የቅጠሉ ንጥረ ነገር ትልቁ አንጀት ደርሶ በዚያ ባሉ ባክቴሪያዎች ከተለወጠ በኋላ አንጀቱን ያንቀሳቅሰዋል፤ ስለዚህ ውጤቱ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። «አልሠራልኝም» ብሎ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ስኒ የሚደግም ሰው ሌሊቱን በቁርጠት ያድራል። ቤት የተፈላ ቅጠል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ስለማይታወቅ መጠኑ የታወቀው ኪኒን ይሻላል። ሰነመኪ በየቀኑ የሚጠጣ ሻይ አይደለም፤ ለክብደት መቀነሻም አይሆንም። ሲበዛ ውሃንና ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ከሰውነት ያስወጣል፤ የፖታሲየም መቀነስ ደግሞ ጡንቻን ያደክማል፤ የልብን ምት ያዛባል።

ቢሳኮዲልም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ማታ ይወሰዳል፤ አይቆረጥም፤ አይታኘክም፤ ከወተትና ከጨጓራ መድኃኒት ጋርም አይወሰድም፤ ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ከተፈታ ቁርጠት ያመጣልና።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት የወሰደ ሰው አንጀቱ በሙሉ ባዶ ይሆናል። አንጀቱ እስኪሞላ ሁለትና ሦስት ቀን መውሰዱ የተፈጥሮ ነው። ሰውዬው ግን በማግሥቱ ባለመውጣቱ «ድርቀቱ ተመለሰ» ብሎ ሌላ ኪኒን ይውጣል። በዚህ ዓይነት ሳያስፈልገው ለወራት የሚወስድ ሰው አለ። ከኪኒኑ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡ፤ በመካከሉ ውሃውንና ምግቡን አስተካክሉ። ከአንድ ሳምንት በላይ መድኃኒት ካስፈለጋችሁ መመርመር አለባችሁ።

ውሃን ወደ አንጀት በመሳብ የሚያለሰልሱት እንደ ላክቱሎዝና ማክሮጎል ያሉት ገር ናቸው። ላክቱሎዝ ግን አንድና ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ በሰዓታት ውስጥ አትጠብቁት። ሚልክ ኦፍ ማግኒዥያ ኩላሊቱ ለታመመ ሰው አይሰጥም። ኮሶ የኮሶ ትል መድኃኒት እንጂ የድርቀት መድኃኒት አይደለም፤ ለዚህ ዓላማ መጠጣቱ አደገኛ ነው።

ነፍሰ ጡሮች፣ ልጆችና አረጋውያን

በእርግዝና ጊዜ ሆርሞኑ አንጀትን ያላላዋል፤ የብረት ኪኒኑም ይጨመራል። ሰገራ ቢጠቁር ከብረቱ ነውና አትደንግጡ። እህቶች ሆይ! በድርቀት ምክንያት የብረት ኪኒኑን ደብቃችሁ አትጣሉ፤ በወሊድ ጊዜ ደም ማነስ ሕይወት ያሳጣል። ለምትከታተላችሁ ባለሙያ ብትነግሩ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊስተካከል፣ ገር የሆነ ማለስለሻም ሊታዘዝ ይችላል። የጉሎ ዘይት ግን ምጥ ሊያስነሣ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም።

ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ለበርካታ ቀናት ላይወጣ ይችላል፤ ሰገራው ለስላሳ ከሆነ፣ ሕፃኑም እየጠባና እያደገ ከሆነ ድርቀት አይደለም። ቅቤ ማስዋጥ፣ ሳሙና ቀርጾ በፊንጢጣ ማስገባት ይጎዳል። ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አካልን የሚያሽመደምድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ለተሕኒክ ተምር ይበቃል።

ከሁለት ዓመት በላይ ያለ ልጅ አንዴ ካመመው መያዝ ይጀምራል። በጣቱ ቆሞ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ፊቱ ቀልቶ ስታዩት እያማጠ ሳይሆን እየያዘ ነው። ቀስ በቀስ ከደረቀው ሰገራ ጎን ቀጭን ፈሳሽ እያመለጠ የውስጥ ሱሪውን ያበላሻል። እናቶች ይህንን ተቅማጥ ወይም ብልግና ይመስላቸዋል፤ አንዳንዱም ይመታል። ልጁ ግን አያውቀውም። ተመሳሳይ ነገር አልጋ ላይ በዋሉ አረጋውያንም ይደርሳል። በእነዚህ ላይ የተቅማጥ ማቆሚያ መስጠት ነገሩን ያባብሰዋል። ለልጁ ከምግብ በኋላ ተቀምጦ እንዲሞክር በፍቅር ማለማመድ፣ እግሩ የሚያርፍበት ነገር መስጠት፣ የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር እንዳይበልጥ ማድረግና ሐኪም ማማከር ነው የሚበጀው።

ወደ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሆዱ ተነፍቶ፣ እያስመለሰው፣ ሰገራም ፈስም እምቢ ያለው ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ይህ የአንጀት መዘጋት ምልክት ነው። በአገራችን የአንጀት መጠማዘዝ የተለመደ የመዘጋት ምክንያት ሲሆን ቶሎ ካልታከመ አንጀቱ ይሞታል። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት አንጀቱን ሊበሳው ይችላል።

ከዚህ ሌላ የሚከተሉት በቀናት ውስጥ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፡-

- ከሰገራ ጋር ደም መታየት፣ ወይም ብረት ሳይወስዱ ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆር፤
- ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፣ ደም ማነስ፤
- ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የመጣ ድርቀት፤
- ድርቀትና ተቅማጥ መፈራረቅ፣ ሰገራ እየቀጠነ መሄድ፤
- በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር መኖር፤
- በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ ያልወጣ ሕፃን (ይህኛው ቀን አይሰጥም)።

በምሠራበት መድኃኒት ቤት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አባት ለአራት ወር ያህል የኪንታሮት ቅባት ይገዙ ነበር። አንድ ቀን «አባባ፣ ደም ያያሉ እንዴ?» ስላቸው አንገታቸውን ደፍተው «ከጀመረ ቆየ፤ ለልጆቼም አልነገርኩ» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ልጃቸው ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ ትልቁ አንጀት ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም መጥተው ሰላም ይሉኛል። እርግጥ ነው፣ ደም ያየ ሰው ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ አብዛኛው ኪንታሮት ወይም የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው። ሆኖም በመመልከት ብቻ መለየት ስለማይቻል ሐኪም ይየው። ለመሰንጠቁ ሕመም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ መቀመጥ ያስታግሳል፤ ኢስቲንጃእም ሲደረግ በብዙ ውሃ፣ ሳይፈገፍጉ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! ይህንን መጽሔት አንብባችሁ ስትጨርሱ በቤታችሁ ላሉ አረጋውያን ወላጆቻችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ «እማዬ፣ አባዬ፣ ሆዳችሁ እንዴት ነው? ደኅና ትወጣላችሁ?» በሉ። እነርሱ በራሳቸው አያነሱትም። ከልጅ ሲመጣ ግን ይመልሳሉ።

አላህ (ሱ.ወ) ለሕመምተኞቻችን ሺፋእ ይስጥልን፤ ጤናችንን ለኢባዳ የምናውልበት ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።